እናቴ የጫማዋን ክር እስክታስር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው መጥቶ «በስኮትላንድ ምድር ተራራ መውጣት የማይችል ፍጡር ማን ነው?» ቢለኝ፣ ሳላቅማማ እናቴን በጣቴ አሳየው ነበር። የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምመሰክረው። አንድ ጤነኛ የጫማ ክር በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ይፈታል? የእናቴ በየጥቂት እርምጃው ይፈታል። ትጎነበሳለች፣ ታስራለች፣ ቀና ስትል ወገቧን ትይዛለች፣ ከዚያ «እስቲ ትንሽ ቆዩኝ» ትላለች። እኛም እንቆማለን። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም።

እሷን ያገባት ደግሞ ማን ነው? አባቴ ሄክተር። ከሦስት ሺህ ጫማ በላይ ከፍታ ያለውን የአገሩን ተራራ ሁሉ ወጥቶ አንድ ብቻ የቀረው ሰው። እንዲህ ያለ አንበሳ እንዲህ ያለች ሚስት ስለደረሰችው ከልቤ አዝንለት ነበር።

እኛ አገር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራራ የሚሰበስብና የሚሰበስበውን ቤት ሆኖ የሚጠብቅ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ይዞ ተቀምጦ ይውልና እሁድ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሱ ቦት ጫማውን አጥልቆ ከጓደኛው ከዱጋልድ ጋር ጉም ውስጥ ይገባል። ማታ እስከ አጥንቱ በስብሶ ይመለሳል። «እንዴት ነበር?» ሲባል «ምንም አይታይም ነበር» ይላል፤ ፊቱ ግን በደስታ ይበራል። ምንም ላለማየት ይህን ያህል የሚለፋ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ተራራ የራሱ ወግ አለው። ሾጣጣውንና ገደላማውን ጉልበት ሳለህ ትጨርስና አንድ ድቡልቡል፣ አክስትም ሕፃንም የማይገድል ተራራ ለመጨረሻ ታስቀራለህ። ዘመድህን አስከትለህ ትወጣለህ። ከደጃፍህ ያነሳኸውን ድንጋይ ጫፉ ላይ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ታኖራለህ፤ ሰዎቹ ከዘራቸውን አጋጥመው በር ይሠሩልህና በሥሩ ጎንበስ ብለህ ታልፋለህ፤ ዊስኪ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሰው ነህ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበርከውን አይነግሩህም።

አባቴ ለመጨረሻ ያስቀረው ሚያል ሊያ የሚባለውን ነበር። አያቶቻችን በጥንቱ ቋንቋ ሲሰይሙት «ግራጫ እብጠት» ማለታቸው ነው። ስም ያወጡለት ዕለት ቅኔ አላማራቸውም ነበር መሰለኝ። ግን አልተሳሳቱም፤ ከመንገድ ሆነህ ስታየው ኩፍ ያለ ሊጥ ነው የሚመስለው።

በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ ሁለት ግራ የሚያጋባ ነገር ሆነ። አንደኛው ከኩሽና በር ኋላ ቆሜ የሰማሁት ወሬ ነው።

«ዶክተሩ ምን አለህ?» አለች እናቴ።

«ደረጃ አትውጣ አለኝ።»

«እና?»

«እና ምን? ደረጃ ነው ያለው። ተራራ አላለም።»

«ሄክተር፣ አትቀልድብኝ።»

«አንድ ነው የቀረኝ ሺና። አንድ። እሱም እብጠት ነው።»

 እናቴ ድስት ስትፈትግ ሰማሁ። እናቴ ስትናደድ አትጮህም፣ ድስት ትፈትጋለች። በዚያ ሰሞን ድስቶቻችን ፊት ያሳዩ ነበር።

በማግሥቱ ዱጋልድና አክስቴ ኤፊ መጥተው የእናቴንና የአባቴን አልጋ ከላይኛው ፎቅ አውርደው ሳሎን ዘረጉት። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ደረጃችን በስብሷል። ዶክተር ስለ ደረጃ ምን አገባው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ልጅ ሁሉንም ነገር አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን ተደግፌ፣ በጣቶቼ ጫፍ፣ እንደ ሌባ ወደ ክፍሌ እወጣ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ምን ሆነሽ ነው?» አላለኝም። እንድወድቅ የተዉኝ መስሎኝ ሆድ ባሰኝ።

ሁለተኛው ከረሜላው ነው። አባቴ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ እያወጣ ደቃቅ ነጭ ከረሜላ ምላሱ ሥር ማድረግ ጀመረ። «አንድ ስጠኝ» ስለው «ይሄ የትልቅ ሰው ነው» ይለኛል። ከአፉ ነጥሎ ያጎርሰኝ የነበረ አባት በከረሜላ ሰሰተ። ተቀየምኩት።

አሁን ማንም ሊያስረዳኝ አይድከም፣ ገብቶኛል። ልቡ ነበር። ልቡ እያከተመች እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ማንም በፊቱ እንዲያነሳበት አይፈልግም። የአገሬ ወንድ እንዲህ ነው። ይሞታል እንጂ «ደከመኝ» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። ያን ተራራ ሳይወጣ መቅረት ግን ከሞቱ ይልቅ ያስፈራው ነበር፤ እናቴም ይህን ታውቃለች። ልትከለክለው አልቻለችም፣ ልትለቀውም አልቻለችም።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሁድ አምስት ሆነን ተነሣን። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ሥጋ ሻጩ ዱጋልድና የአባቴ ታላቅ እህት ኤፊ። ኤፊ ዱጋልድ በቢላ የሚቆርጠውን ያህል በምላሷ የምትቆርጥ ሴት ናት። በጨርቅ ቋጥራ የቀቀለችውን የዘቢብ ኬክ ጀርባዋ ላይ ተሸክማለች።

«ይሄ ኬክ ነው ወይስ ለክምሩ ያመጣሽው ድንጋይ?» አለ ዱጋልድ።

«ቅመሰውና ጥርስህ ይንገርህ» አለችው። «የቀረልህ ካለ።»

ገና ከአጥሩ በር እንዳለፍን የእናቴ ክር ተፈታ።

«አሁን ከመኪና ወርደን?» አለ አባቴ፣ ከዘራውን ተደግፎ።

«ምን ላድርግ፣ ክሩ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ዱጋልድ።

«እንቁላሉ ዛሬ ይደርሳል?» አልኩ እኔ።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ እናቴ ሳቀች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ክሩን እንደያዘች፣ እንባዋ እስኪመጣ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም፣ ከምሬ ነበር።

ከክሩ ቀጥሎ ሻይ አማራት። ከሻዩ ቀጥሎ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገባ። ከጠጠሩ ቀጥሎ ፎቶ እንነሳ አለች፤ ካሜራው ከፔርሙሱ ሥር፣ ከቦርሳው ታች ነው፣ ሁሉም ዕቃ መውጣት አለበት። ከዚያ ደግሞ «ያቺ ነጭ ነጥብ የእኛ ቤት ናት?» ብላ ቆመች። ቤታችን በዚያ በኩል አይደለም። ይህን እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ትንኙ ደግሞ የቆመ ሰው ሲያገኝ ግብዣ የተጠራ ይመስለዋል።

አባቴ በየማረፊያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከረሜላውን ያደርጋል። «እንጠብቃት እንግዲህ» ይለኛል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ትንፋሽ ከፍሎ። «ምን ይደረግ፣ ጥያት አልሄድ።»

ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «አባዬ፣ እሷ ከአክስቴ ጋር ትቅርና እኔና አንተ እንሂድ።»

አየኝ። ሳቅም ቁጣም ያልሆነ ፊት ነበር። «ኢሽቤል፣ እናትሽ ከሌለች እኔ አልወጣም» አለኝ።

ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ለሸክሙ እንኳ ክፉ ቃል አይናገርም።

እናቴ ሁልጊዜ ከኋላው ነበር የምትሄደው። ዓይኗ ጀርባው ላይ ነው። ትከሻው ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር የጫማዋ ክር ይፈታል። ይህን ዛሬ ነው የማየው፤ ያን ጊዜ የማየው ክሩን ብቻ ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ኮረብታ እየተሻገረች ያደገች ሴት መሆኗን የነገረችኝም ኤፊ ናት፣ ብዙ ዓመት ቆይታ። «እናትሽ ብትፈልግ ሁላችንንም ተሸክማ ትወጣ ነበር፤ ያን ሥጋ ሻጭ ጭምር» አለችኝ።

የተራራው ትከሻ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። ሾጣጣ ተራራ ቢያንስ ሐቀኛ ነው፣ ጫፉ የት እንዳለ ይነግርሃል። ድቡልቡል ተራራ ግን «ደረስኩ» ባልክ ቁጥር ሌላ ጉብታ ያወጣልሃል። አንዱን ወጣን፤ ሌላ መጣ። ሌላውን ወጣን። አባቴ ሳር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ግራጫ ሆኗል። አንድ ከረሜላ አደረገ፤ ወዲያው ሌላ ጨመረ። ዱጋልድ ካርታውን ዘረጋ፣ አየ፣ መልሶ አጠፈው።

«ገና ነው?» አልኩ።

«ትንሽ ነው የቀረው» አለ ዱጋልድ። ሥጋ ሻጭ «ሚዛኑ ትንሽ አለፈ፣ ልተወው?» ሲል ምን ያህል እንደሚያልፍ የሰፈራችን ሴቶች ያውቃሉ።

«እንመለስ ሄክተር» አለች ኤፊ። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም፤ ስድብ አልነበረበትም።

«አልመለስም።»

«ነገ ሌላ ቀን ነው።»

«ለእኔ አይደለም» አለ አባቴ። «አንድ ነው የቀረኝ ኤፊ። አንድ።» ጉንጮቹ ረጥበዋል። ጉሙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ይሄኔ እናቴ ተነሣች። «እኔ ዘወር ብዬ ልምጣ» አለች።

ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ ይችል ነበር? አንበሳው አባቴ ከጫፉ ሥር ደርሶ፣ እሷ መጸዳጃ አማራት። በዚያ ላይ በሁለት ክንድ ርቀት ሰው በማይታይበት ጉም ውስጥ ለዚህ ያን ያህል መራቅ ምን ይባላል? ሄደች፣ ሄደች። ፈጣን እርምጃዋ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። ክሯም አልተፈታም።

ቆየች። ብርዱ ገባን። ዱጋልድ ካፖርቱን አውልቆ አባቴ ትከሻ ላይ ጣለ፤ አባቴም ሳያመሰግን ተቀበለው፤ ሁለቱ የሚዋደዱት እንዲህ ነው። ከጉሙ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ።

«ምንድነው?» አልኩ።

«አጋዘን ነው» አለች ኤፊ።

«አጋዘን ድንጋይ ይወረውራል?»

«የዚህ ተራራ ይወረውራል።»

ይህንንም አመንኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ ለመምህራችን ሳይቀር ነግሬአለሁ።

በመጨረሻ የእናቴ ድምፅ ተሰማ። «ሄክተር፣ ጫፉ እዚህ ነው። ና፣ በጎኑ ልናልፈው ነበር።»

አባቴ ተነሣ። ዱጋልድ በአንድ ጎን፣ ኤፊ በሌላው፣ ማንም ማንንም እንዳልደገፈ ሆነው ደግፈውት ሄዱ። ትንሽ እንደተራመድን እናቴ ከጉሙ ውስጥ ወጣች፤ አጠገቧ የድንጋይ ክምር አለ። ጉልበቴ ድረስ እንኳ በቅጡ አይደርስም። ድንጋዮቹ በአንድ ወገን ዝናብና ፀሐይ ያወጣባቸው ሽበት አላቸው፣ በሌላው ወገን ጥቁር እርጥብ አፈር። አንዱ ላይ የምድር ትል መንገድ ጠፍቶት ይንፏቀቃል።

«ይሄ ነው?» አልኩ። «የአባዬ መጽሐፍ ላይ ክምሩ በሰው ቁመት ነው ይላል እኮ።»

ዱጋልድ ኮምፓሱን እንደያዘ አፉን ከፈተ። ኤፊ በቦት ጫማዋ እግሩን ረገጠችው፤ አፉ ተዘጋ። ዊስኪው ገና ሳይከፈት ሰው መርገጥ መጀመሯ ገረመኝ።

እናቴ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ነበር። አባቴ ያዛትና አወጣቸው። ጥፍሮቿ በአፈር ተሞልተዋል፣ የጣቶቿ ቆዳ ተልጦ ይደማል።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ወደቅኩ።»

ምኑ ይገርማል አልኩ በልቤ። ሳትወድቅ እዚህ መድረሷ ነው የሚገርመው።

አባቴ ክምሩን ቀስ ብሎ ዞረው። አንዱን ድንጋይ ነካ፣ ሌላውን ነካ። ቀና ብሎ መሬቱ ገና ሽቅብ ወደሚያመራበት ጉም ለረጅም ጊዜ አየ። ዱጋልድ የራሱን ጫማ፣ ኤፊ ኬኩን ያያሉ።  የምን ዝምታ ነው፣ ደስታ አያውቁም እንዴ ብዬ ተናደድኩ።

«ብዙ ክምር አይቻለሁ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።»

«እኔም» አለ ዱጋልድ።

ከዘራዎቹ ተጋጠሙ፣ አባቴ በሥራቸው ጎንበስ ብሎ አለፈ፣ እኛ አጨበጨብን። ጠርሙሱን ከፈተ። እንደ ወጉ የመጀመሪያው ጉንጭ ተራሮቹን የጨረሰው ሰው ድርሻ ነው። እሱ ግን የእናቴን እጆች ይዞ ዊስኪውን ጣቶቿ ላይ ያፈስ ጀመር፤ አፈሩን በአውራ ጣቱ እያሸ አጠባት። ከንፈሯን ነከሰች።

«ኧረ በሕግ» አለ ዱጋልድ። «ስንት ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። ውሃ አለ እኮ።»

«ለዚች እጅ ያንሳታል» አለ አባቴ።

ከዚያ ከኪሱ የደጃፋችንን ድንጋይ አወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔው ነኝ የመረጥኩለት፣ ነጭ መስመር ያለበት። በእናቴ መዳፍ ላይ አኖረው። «አንቺ አስቀምጪው» አላት።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ጎትቶ ያወጣት እሱ፣ ወጉን የምትወስድ እሷ። ድንጋዩን የመረጥኩ እኔ፣ የምታኖረው እሷ። አለቀስኩ። የደስታ መስሏቸው አቀፉኝ፤ ኤፊም አፌን በኬክ ሞላችው። ስለ ኬኩ ዱጋልድ እውነቱን ነበር።

አባቴ በጥር ሞተ፣ በረዶው የደጃፋችንን በር ዘግቶት ሳለ። ቀብሩ ላይ ዱጋልድ ተነሥቶ «ሄክተር ሁሉንም ጨርሷል» አለ፣ ዓይኑን ኤፊ ላይ ተክሎ። ኤፊ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ኮራሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ አባቱ ሁሉንም የጨረሰ ሌላ ልጅ አልነበረም።

ወደዚያ ተራራ ዳግም ለመሄድ ዓመታት ፈጀብኝ፤ የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው፣ ብቻዬን። የአገራችን ጉም እንግዳ አይንቅም፣ ትከሻው ላይ ጠብቆ ተቀበለኝ። ጥቂት ስሄድ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ በተጋጠሙ ከዘራዎች ሥር እያለፈ ነው፤ ቤተሰቡ ያጨበጭባል፣ ጠርሙስ ይዞራል። አጠገባቸው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ክምር ቆሟል። «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩት። አቀፈኝ።

ጉሙም፣ መቼ መገለጥ እንዳለበት የማያውቅ፣ ተገለጠ። ከእኛ ወዲያ፣ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት፣ መሬቱ ከፍ እያለ ሄዶ እዚያ ላይ ሌላ ክምር ይታያል። እውነተኛው ጫፍ። ጭብጨባው ቆመ። ሽማግሌው ብርጭቆውን እንደያዘ ያየዋል።

«ምን ዓይነት ደደብ ነው እዚህ የካበው?» አለች ሴት ልጁ።

«ታዋቂ ነው እኮ» አለ ሌላው። «የተራራ ማኅበሩ በየዓመቱ ያፈርሰዋል። የሚያልፈው ሁሉ ደግሞ ድንጋይ ይጨምርበታል።»

ቤተሰቡ እየተነጫነጨ ወደ ጫፉ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ትሉ፣ አፈሩ፣ የተላጡት ጣቶች፣ ድንጋይ ወርዋሪው አጋዘን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ያቺ ክር ማሰር የማትችል ሴት በዚያ ጉም ውስጥ ብቻዋን ሮጣ፣ ከመሬት በጥፍሯ ድንጋይ ፈልቅቃ፣ ለባሏ ጫፍ ሠርታለታለች። ይኸው የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ግማሹ በእናቴ ክምር ሥር ዊስኪ እየጠጣ ይመለሳል። ሳቅኩ። ከዚያ ክምሩን ተደግፌ አለቀስኩ፣ በዚህኛው ጊዜ ለእሷ።

በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ። ሰማንያን አልፋለች። አልጋው እስከ ዛሬ ሳሎን ነው፣ ወደ ላይ አልመለሰችውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

«ሚያል ሊያ ወጣሁ» አልኳት።

«ጉም ነበር?»

«ነበር። ኋላ ተገለጠ።»

ቢላዋ ቆመ። ከዚያ መላጧን ቀጠለች።

«እማዬ፣ ጫፉ እኮ እዚያ አይደለም።»

«አይደለም» አለች።

«አባዬ አንድ ቀርቶት ነዋ የሞተው።»

«አባትሽ ምንም ሳይቀረው ነው የሞተው» አለች፣ ቀና ሳትል።

 ልጠይቃት የፈለግኩት ሌላ ነበር፤ አውቆ ነበር ወይስ ሳያውቅ ሄደ?  እሷ ቀደመችኝ።

«ክምሩ አለ?»

«አለ። ከእኔ ይበልጣል።»

ድንቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች፤ ያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ክሩን ይዛ የሳቀችውን ሳቅ፣ እንባዋ እስኪመጣ። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

«ይኸው እንግዲህ» አለች። «ቁልቁል ስንወርድ ክንዴን ይዞ ጆሮዬ ሥር ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሺና፣ ያቺ ክምርሽ የዘንድሮን በረዶ አትሻገርም› ነው ያለኝ።»